ፊርማዬ ቀድሞኝ የደረሰበት መንደር

ከወልቂጤ ስመለስ ቡታጅራ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ስለ ክትፎው ነው። «እንዴት ነበር? እውነት ከኛ ይበልጣል?» ይሉኛል። ክትፎ አልቀመስኩም። የቀመስኩት ውሃ ነው፤ እሱም እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ። ለእያንዳንዱ ሰው ከመተረክ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ለማያውቀኝ፣ ኑሪ እባላለሁ። በጤና ጣቢያ ተቀጥሬ የምንጭና የጉድጓድ ውሃ እመረምራለሁ፤ ሉካንዳ ቤቶችን እጎበኛለሁ፤ መጸዳጃ ቤት ቆፍሩ እያልኩ ሰው አስቸግራለሁ። በመሥሪያ ቤት ወረቀት ሳኒታሪያን ነኝ። ገበያ ውስጥ ግን «የሽንት ቤት ሹም» ነው የሚሉኝ፤ ለምጄዋለሁ።

ከጉዞው ሦስት ወር ቀደም ብሎ አንድ ቀያሽ ካርታ ጠቅልሎ ቢሮዬ መጣ። ከጉብሬ ወዲያ ባለ አንድ መንደር በኩል የናፍጣ ቧንቧ ሊቀበር ታስቧል። ከላይ መኪና መንገዱ ዳር የናፍጣ ጋን ይተከላል፤ ከታች ወንዙ አጠገብ የአንድ የአዲስ አበባ ባለሀብት እርሻ አለ፤ የውሃ መሳቢያ ሞተርና ወፍጮ ሊያቆምበት ነው። ክረምት ሲገባ መኪና በዚያ ጭቃ ስለማይወርድ ናፍጣው ራሱ በቧንቧ ቁልቁል ይፍሰስ ነው ሐሳቡ። ለዚህ ደግሞ «መስመሩ የመጠጥ ውሃ አይነካም» የሚል ወረቀት ላይ የጤና ባለሙያ መፈረም አለበት። የወልቂጤው ባልደረባዬ ለትምህርት ሄዶ ስለነበር ነገሩ ወደ እኔ ተላከ።

ካርታውን አየሁት። መስመሩ የሚያልፈው በባዶ የሣር ሜዳ ነው። ምንጩ ደግሞ ወደ ታች፣ ከመስመሩ ርቆ ተሥሏል። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር፤ ደጅ የሚጠብቀኝ ሰው ሞልቷል፤ ቸኩያለሁ። ፈረምኩና ማኅተም አስመታሁበት። ምን ብዬ ላስተባብል? የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ የመንደሩ ሰዎች አቤቱታ መጣ፤ ከሥሩ የጣት አሻራ እንደ ጉንዳን ሰፍሮበታል። «እዚህ መሬቱ አፍ አለው፤ ናፍጣ ከፈሰሰ ይውጥና ምንጫችን ውስጥ ይተፋዋል» ይላል። ቢሮ ውስጥ ተሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። አለቃዬ «ሂድና አየሁት ብለህ ጻፍላቸው፤ አፋቸውን ይይዛሉ» አለኝ። የተላክሁት ለዚህ ነው።

ሰኞ

ከቡታጅራ ወልቂጤ በአሞራ በረራ ቅርብ ነው፤ ተራራው ነው የሚለየን። በመኪና ግን እስከ ዓለም ገና ወጥቶ፣ የጅማን መንገድ ይዞ እንደገና መውረድ ነው። አንድ ጎረቤቴ ጋ ለመድረስ ከተማውን ሁሉ መዞር ማለት ነው።

ባለቤቴ «ባዶ እጅህን ሰው ቤት ልትገባ ነው?» ብላ የአገራችንን የመስቃንን በርበሬ ለቅማ፣ አስፈጭታ፣ በከረጢት ሞልታ አስያዘችኝ። ከረጢቱ ሁለት እጅ ያስይዛል። «ሥራ ነው የምሄደው፤ ማን እንደሚያሳድረኝ እንኳ አላውቅም» ብላት «የሚያሳድርህ ሰው ወጥ አይበላም?» አለችኝ። ተሸነፍኩ።

አውቶቡሱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣ። በርበሬውን ከራሴ በላይ መደርደሪያው ላይ ሰቀልኩት። መንገዱ የኮረኮንች ነው፤ እኛው ከኪሳችን አዋጥተን ያሠራነው ስለሆነ ብናማውም ራሳችንን ነው የምናማው። አንዱ ጉድጓድ ላይ መኪናው ዘለል ሲል የከረጢቱ ስፌት ትንሽ ተተረተረ። መጀመሪያ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ አስነጠሱ። ከዚያ ከጎናቸው ያለችው ሴት። ከዚያ ሁሉም። ሾፌሩ ሳይቀር ዐይኑን እያሸ መኪናውን አቆመ።

«የማን ነው ይሄ መርዝ? አሁን ነው ገደል የምጨምረው!» ብሎ ረዳቱ ተነሣ።

«ወላሂ በስጦታ የተያዘ ነው፤ ስለ አላህ!» ብዬ ከረጢቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ሽማግሌው እንባቸውን እየጠረጉ «ተወው፤ ጥሩ በርበሬ ነው» ብለው ፈረዱልኝ። ጋቢያቸውን ቀደው የሚሰጡኝ እስኪመስል አዘኑልኝና መርፌና ክር ከአንዲት ነጋዴ ተለምኖ እዚያው ሰፋሁት። ቀሪውን መንገድ እንደ ሕፃን አቅፌው ሄድኩ።

ዓለም ገና ላይ መኪና ቀየርኩ። ከዚያ በኋላ አስፋልት ነው፤ ወሊሶን አልፈን አመሻሹ ላይ ወልቂጤ ገባን። ከተማዋ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋች ናት፤ ከቡታጅራ ሰፋ ያለ የጭነት መኪና ማቆሚያ አላት፤ ገበያዋ ግን ከኛ ያንሳል። ይህን የምለው ስለማዳላ ብቻ አይደለም። ያረፍኩበት አልጋ ቤት ባለቤት ለእግሬ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይዛልኝ መጣች። ከየት እንደመጣሁና ለምን እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ስለ ቧንቧው ስነግራት «እ፣ የጀፎረው ነገር!» አለችና ፊቷ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ አጭር አጭር መልስ ብቻ ነበር የምትሰጠኝ።

ማክሰኞ

እስከ ጉብሬ በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጬ ሄድኩ። ጉብሬ ላይ አቶ ዘርጋ የሚባሉ ሰው በቅሎ ይዘው ይጠብቁኝ ነበር። አቤቱታው ላይ መጀመሪያ ያረፈው አሻራ የሳቸው ነው። ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ጉራጊኛው የኔና የሳቸው አይገጥምም፤ ሁለት ሦስት ቃል ሞክረን ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ በአማርኛ ቀጠልን።

«እንኳን ደህና መጡ። መንግሥት ሰምቶናል ማለት ነው» አሉኝ። አንተ አላሉኝም። አባቴ የሚሆኑ ሰው።

ፊርማዬን አያውቁም። ወረቀቱ ላይ ማን እንደፈረመ ለመንደሩ የነገረው ሰው የለም። «እኔ ነኝ» ልል አፌን ከፈትኩና ስለ በቅሎዋ ዕድሜ ጠየቅኋቸው።

መንደሩ ስንደርስ ከበቅሎዋ ወርጄ ቆምኩ። ጀፎረ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ እንደዚህ ያለውን ግን አላየሁም። ቤቶቹ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተደርድረዋል፤ ከየቤቱ ጓሮ እንሰት ቆሟል፤ በመካከል ያለው ሰፊ ሜዳ ነው ጀፎረው። መንገድ ነው፤ የጥጃ መዋያ ነው፤ የሠርግና የለቅሶ ቦታ ነው፤ ሸንጎ ነው። ማንም አያርሰውም፣ አያጥረውም፣ አይቆፍረውም። የግቢውን አጥር አንድ ክንድ ወደ ጀፎረው የገፋ ሰው ቢኖር አገር ይቆጣዋል። በዚያ ቀን ሣሩ ታጭዶ፣ ኩበቱ ተለቅሞ፣ እንደ ተነጠፈ ምንጣፍ ነበር።

«ለርስዎ ነው። እንግዳ ሲመጣ ጀፎረ ይጸዳል፤ ደንባችን ነው» አሉኝ አቶ ዘርጋ።

ቀያሹ ባዶ የሣር ሜዳ ያለው ይህንን ነው። ባለቤት የሌለው መስሎታል። በአንድ ሰው ስም ያልተያዘ መሬት ስለሆነ ካሣ የሚጠይቅ አይኖርም ብሎ መስመሩን ቀጥ አድርጎ በመካከሉ ሰደደው። እኔም ቢሮዬ ቁጭ ብዬ አጸደቅሁለት።

የአቶ ዘርጋ ባለቤት ወይዘሮ ትብለጥ በራፉ ላይ ቆመው ውሃ በቅል ሰጡኝ። ሙያዬ ነውና ውሃ ዝም ብዬ አልጠጣም፤ አሸትታለሁ፣ ወደ ብርሃን አዞራለሁ። እዚያ ግን ሰዎች እያዩኝ ስለነበር ጠጣሁት። እንዴት ያለ ውሃ መሰላችሁ! ቀዝቃዛ፣ ቀላል፣ ድንጋይ ድንጋይ የሚል። ቡታጅራ የምንጠጣውን ጉድጓድ አስቤ ቀናሁ።

«ተጨማሪ?» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ጠጣሁ።

ስጦታዬን ስሰጣቸው ወይዘሮ ትብለጥ ከረጢቱን ከፍተው አሸተቱና ዐይናቸውን ጨፈኑ። «ይሄማ ለዓመት በዓል ነው የሚቀመጥ» ብለው ወደ ጓዳ አስገቡት።

ከዚያ ሌላ ጉድ መጣ። አቶ ዘርጋ በግ ሊያርዱልኝ ነው። ስሜ ኑሪ መሆኑን ሲሰሙ ቢላዋውን አስቀመጡና ምንም ሳይሉ ወጡ። ተቀየሙ ብዬ ስጨነቅ ሜዳውን ተሻግረው ከወዲያኛው ረድፍ ሐጂ ሽኩር የሚባሉ ጎረቤታቸውን ይዘው መጡ። ሐጂ «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ጨበጡኝ፤ ቢስሚላህ ብለው በጉን አረዱ። ድስቱም ከሐጂ ቤት መጣ፤ የክርስቲያን ሥጋ ያልነካው ይሁን ተብሎ። ትብለጥ በሰው ድስት፣ ለሰው ሃይማኖት ተጠንቅቀው ወጡን ሠሩልኝ። ቆጮው ከኛ አገር ይሳሳል፤ አይቡ ከኛ ይበልጣል። ምን ዓይነት ሰው ነኝ እያልኩ ያጎረሱኝን ሁሉ ዋጥኩ። ጅባ የሚሉትን ምንጣፍ አንጥፈው፣ ከምሰሶው አጠገብ፣ የቤቱን ምርጥ ቦታ ሰጡኝ።

ረቡዕ

ጠዋት ካርታዬን ይዤ፣ አቶ ዘርጋና ሐጂ ሽኩር ግራና ቀኝ ሆነው፣ መስመሩን ተከትለን ወጣን። የጀፎረው ላይኛ ጫፍ ደረስን። ከወዲያ ካለ ረግረግ ቀጭን ውሃ እየተንፏቀቀ ይመጣና ሣሩ ውስጥ ይጠፋል።

«እሺ፣ አቤቱታው ላይ የጻፋችሁት የመሬት አፍ የት ነው?» አልኩ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። አቶ ዘርጋ «ከእግርዎ ሥር ነው» አሉኝ።

ወደ ታች አየሁ። ለምለም ሣር ነው የቆምኩበት። በጫማዬ ብመታው ባዶ ነገር እንደመምታት ድምፅ ሰጠ። ጎንበስ ብለው ሣሩን ከነአፈሩ ገለጡት፤ ከሥሩ ግንድ ተረብርቧል፤ ከግንዱ ሥር አለቱ ተሰንጥቆ ሰው የሚያስገባ ጥቁር አፍ ከፍቷል። ቀጭኑ ውሃ እዚያ ውስጥ ይወርዳል፤ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል።

«ሸፍናችሁት ነው እንዴ አቤቱታ የጻፋችሁት?» አልኩ። ጮህኩ መሰለኝ።

«እንግዳ ይወድቃል ብለን ነዋ! የተቀመጡባት በቅሎ እግሯ ቢሰበርስ?» አሉ ሐጂ።

«ቀያሹ ሲመጣስ?»

«ያን ጊዜማ ይበልጥ አሳምረን ነው የሸፈንነው። ሣሩን እኔ ራሴ ነኝ የተከልኩት» አሉ አቶ ዘርጋ፣ እያፈሩ። «መሬት መሬት እያየ ይሄዳል፣ ራሱ ያገኘዋል ብለን ነበር፤ ተረማምዶበት አለፈ። የመንግሥት እንግዳ ነው። ጉድጓድ ገልጠን እንቀበለው?»

ለእንግዳ ክብር ብለው ማስረጃቸውን በገዛ እጃቸው ቀብረዋል፤ እኔ ስመጣ ደግሞ ደግመው ቀበሩት።

እዚያ ቆመን ሳለ የእርሻው ወኪል አቶ ታደለ መምጣቴን ሰምቶ በፈረስ መጣ። ኮት የለበሰ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ትሑት የሚመስል ሰው ነው። መንደርተኛው ፈረሱን ሲያይ ከየቤቱ ወጣ። ታደለ ስንጥቁን ቁልቁል አይቶ ትከሻውን ሰበቀ።

«ጉድጓድ ነው። እሺ። ምንጩ ደግሞ እዚያ ታች ነው። የዚህ ውሃ እዚያ እንደሚወጣ ማን ነገራችሁ?»

«አባቶቻችን» አሉ አቶ ዘርጋ።

«አባቶቻችሁ መሐንዲስ ነበሩ?» አለና ከደረት ኪሱ ወረቀት አወጣ። «የተማረ ሰው መርምሮ የመጠጥ ውሃ አይነካም ብሎ ፈርሟል። ይኸው። የፈረመውም ይኸው አጠገባችሁ ቆሟል። አቶ ኑሪ፣ ያንተ ፊርማ አይደለም?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይባላል፤ እኔ እንኳ የተከፈተ መሬት ፊት ነበር የቆምኩት።

«የኔ ነው» አልኩ።

ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ሐጂ ሽኩር መሬት መሬት አዩ። አቶ ዘርጋ ነጠላቸውን አስተካከሉና ቀስ እያሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሰዉም ተበተነ። እኔ ጀፎረው መካከል ብቻዬን ቀረሁ፤ ጥጆች ብቻ ያዩኛል። ሻንጣዬን አንሥቼ በእግሬ ጉብሬ ልውረድ ብዬ አሰብኩ። ሻንጣዬ ግን ያለው የሳቸው ቤት ነው።

ወይዘሮ ትብለጥ ከበራፉ ተጣሩ። «ምሳ ቀርቧል! ምን ትጠብቃለህ?»

ገባሁ። የትናንቱ ወጥ፣ የሐጂ ድስት። አቶ ዘርጋ ቆጮውን ቆርሰው ከፊቴ አደረጉ። «ስትፈርም አላየኸንም ነበር» አሉ። አንተ ሲሉኝ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። «አሁን አይተኸናል። እንግዲህ አሁን አይተህ ፈርም። ሌላ አልጠይቅህም።»

«ጋሼ ዘርጋ፣ የሁለቱ ውሃ አንድ መሆኑን ካላሳየሁ አዲሱ ወረቀት ከአሮጌው አይበልጥም» አልኳቸው። ከተማ ቢሆን ለዚህ የሚሆን ቀለም አለ፤ ውሃ ውስጥ ተጨምሮ የት እንደሚወጣ ይታያል። እኔ የያዝኩት ባዶ ጠርሙሶች ብቻ ነው።

ትብለጥ ሰሃን ሊያነሡ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። «ቀለም ብቻ ነው ወይስ የሚያቃጥልም ይሆናል?» አሉ።

አልገባኝም ነበር። ወደ ጓዳ ገብተው የባለቤቴን ከረጢት ተሸክመው ወጡ። እፊቴ አስቀመጡትና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «የእንግዳ ስጦታ መሬት መድፋት ነውር ነው። ይቅር በለኝ። እናትህም ይቅር ትበለኝ፤ ማለቴ ሚስትህ» አሉ። ደንግጠው ነበር የሚናገሩት። እኔም እንባዬ መጣ፤ በርበሬው ነው ብዬ አመካኘሁ።

ሐሙስ

ጎሕ ሲቀድ ሴቶቹ ሁሉ ምንጩ ዘንድ ተሰልፈው እንስራቸውን ሞሉ። ያን ቀን ሌላ ውሃ አይቀዳም። ታደለ እንዲመጣ ተላከበት፤ መጣ፤ ሊስቅብን ነው የመጣው።

በሦስት ሰዓት በርበሬውን በገበቴ በውሃ በጥብጠን ስንጥቁ ውስጥ አፈሰስነው። ቀይ ሆኖ ወረደና ጨለማው ዋጠው። ከዚያ ሁላችንም ወደ ምንጩ ወረድን። ምንጩ ከትልቅ ዋርካ ሥር ከአለት ይወጣል፤ ዙሪያውን ድንጋይ አንጥፈውበታል፤ በላዩ ልብስ አይታጠብበትም፣ እንሰት አይፋቅበትም፣ በየተራ ይጠርጉታል። እኔ ቡታጅራ ስንት ዓመት ስጮህ የከረምኩበትን ደንብ እነዚህ ሰዎች ማንም ሳይነግራቸው ይጠብቁታል።

ተቀመጥን። ትብለጥ በቅል እየጨለፉ ይቀምሳሉ። «ገና» ይላሉ። ታደለ ዋርካው ጥላ ውስጥ ሆኖ ሰዓቱን ያያል። አምስት ሰዓት ሆነ፤ ገና። ስድስት ሰዓት፤ ገና። ሐጂ ሽኩር ተነሥተው ሰገዱ፤ እኔም አብሬ ሰገድኩ። እውነት ለመናገር ምን ብዬ እንደምለምን አላወቅሁም። በርበሬው ይውጣ ብል የሰው ምንጭ አደጋ ላይ ነው ማለቴ ነው። አይውጣ ብል ውሸታሞች ይባላሉ፤ ቧንቧው ይቀበራል። ዝም ብዬ ተደፋሁ።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ትብለጥ ቀመሱና «ገና» አላሉም። ቅሉን እንደያዙ ቆዩ። ከዚያ ለኔ ሰጡኝ።

መጀመሪያ ቀዝቃዛው፣ ቀላሉ፣ የማክሰኞው ውሃ ነው። ከዚያ ከምላሴ ሥር ተነሣ። የኛ አገር በርበሬ ነው፤ የገዛ ቤቴን ወጥ አላጣውም። በነጭ ሳህን ቀዳሁና ጠበቅሁ፤ ከታች ቀይ ደቃቅ ነገር ረጋ። ቅሉን ሞልቼ ለታደለ አቀበልኩት። ሁሉም ያየዋልና እምቢ ማለት አልቻለም። ጠጣ። ሳለ፤ ዐይኑ እንባ አቀረረ። ቅሉን በቀስታ መሬት አስቀመጠ።

«ቧንቧ እኮ የግድ አይፈስም» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«እኛም እንግዳ የግድ አይወድቅም ብለን ስንጥቁን አልተውነውም» አሉት አቶ ዘርጋ።

ማንም እልል አላለም። ያሸነፉ ሰዎች አይመስሉም ነበር። ሴቶቹ ምንጫቸውን ክፉ ወሬ እንደሰሙበት ዘመድ ዝም ብለው ያዩታል። አባቶቻቸው እንደነገሯቸው ያውቁ ነበር፤ በምላሳቸው ሲቀምሱት ግን ሌላ ሆነ። አንዲት አሮጊት ተንበርክከው ድንጋዩን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ የሚጠረግ ነገር አልነበረበትም።

ከሰዓት በኋላ ጀፎረው ላይ ተቀምጬ አዲሱን ወረቀት ጻፍኩ። ያየሁትን፣ ሰዓቱን፣ የበርበሬውን ነገር ሳይቀር። «የመጀመሪያውን የፈረምኩት ቦታውን ሳላይ ነው» ብዬም ጻፍኩ። ይህ ሥራዬን ሊያሳጣኝ ይችላል። ፈረምኩ። ከሥሩ መንደርተኛው አንድ በአንድ አሻራውን አኖረ። ትብለጥ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ወረቀቱ ላይ ሲጫኑ ለረጅም ጊዜ አላነሡትም።

ዓርብ

ምንጩ አድሮ ጠርቷል። አቶ ዘርጋ እስከ ጉብሬ በእግራቸው ሸኙኝ፤ በቅሎዋን እምቢ ብልም አስቀመጡኝ። ሐጂ ሽኩር የተቋጠረ ቆጮ አስያዙኝ። መንገድ ላይ ብዙ አላወራንም። መኪናው ሲነሣ ጋሼ ዘርጋ እጃቸውን መስኮቱ ላይ አድርገው «ደህና ግባ ልጄ» አሉኝ።

ወልቂጤ ጁምዓ ሰግጄ የቧንቧው ፋይል ወዳለበት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው ጨዋ ሰው ነው። ወረቀቱን አነበበ፣ ቁጥር ሰጠው፣ ማኅተም መታበት፣ ከፋይሉ ውስጥ ከፊተኛው ወረቀቴ ላይ አስቀምጦ በክር አሰረው።

«የፊተኛውን አውጣልኝ፤ የተሳሳተ ነው» አልኩት።

«ፋይል ውስጥ የገባ ወረቀት አይወጣም።»

«እና የትኛው ነው የሚጸናው?»

ፋይሉን ገልጦ አሳየኝ። «ሁለቱም ያንተ ፊርማ ነው። ሁለቱም ማኅተም አላቸው። በላይ ያሉት የትኛውን እንደሚያነቡ እኔ ምን አውቄ?» አለኝ። እያፌዘብኝ አልነበረም፤ እሱም አዝኗል። ከግድግዳው የጃንሆይ ሥዕል ሁለታችንንም ያየናል። ያ ፋይል ሲዘጋ የተሰማኝ ነገር እስካሁን አልለቀቀኝም።

ቅዳሜ

በመጣሁበት መንገድ ዞሬ ማታ ሳይመሽ ቡታጅራ ገባሁ። ባለቤቴ «በርበሬውን ወደዱት?» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ «ጎበዝ ሴት ናት» አለች፤ በማግስቱ ሌላ በርበሬ መልቀም ጀመረች።

ከተመለስኩ እነሆ ሁለት ወር ሆነኝ። አለቃዬ ጠርቶ ጮኸብኝ፤ ሥራዬ ላይ ግን አለሁ። ከላይ የመጣ መልስ የለም። በአዲስ አበባ ዞሮ በነጋዴ እጅ የጋሼ ዘርጋ ደብዳቤ ይደርሰኛል፤ የሚጽፍላቸው የመንደሩ የቄስ ትምህርት ቤት መምህር ነው። በመጀመሪያው ደብዳቤ ብረቱ መጥቶ መኪና መንገድ ዳር እንደተራገፈ፣ ቁፋሮ ግን እንዳልተጀመረ ነገሩኝ። ጀፎረውን አሁንም ለእንግዳ እንደሚያጸዱ፣ ስንጥቁን ግን ዳግመኛ እንደማይሸፍኑት፣ ዙሪያውን በእንጨት እንዳጠሩት፣ የሐጂ ሽኩር ጥጃ ግን አጥሩን ጥሶ ገብቶ እግሩ እንደተሰበረ ጻፉልኝ። ሐጂ «ይሰበር፤ ሁሉም ይየው» ብለዋል አሉ።

ብረቱ ከተራገፈ ወዲህ ማንም ሴት እንስራዋን ወደ ምንጩ ከመክተቷ በፊት ትብለጥ ይቀድማሉ። ጎሕ ሲቀድ ወርደው በቅል ጨልፈው ይቀምሳሉ፤ ሌላው ከኋላቸው ቆሞ ፊታቸውን ይጠብቃል። ራሳቸውን ሲነቀንቁ ነው የሚቀዳው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ደብዳቤዎች አጫጭር ናቸው። ሰላምታ አለ፣ ስለ ዝናብና ስለ እንሰት አንድ ሁለት ቃል አለ። ነጋዴው ደብዳቤውን ሲሰጠኝ እነዚያን አስቀድሜ አላነባቸውም፤ ወረቀቱን እዚያው ገበያ መካከል ዘርግቼ ቁልቁል ወደ መጨረሻው መስመር ነው የምሄደው። ሁልጊዜም ያው ነው፤ «ዛሬም ቀምሳለች፤ ደህና ነው።»